ስለ ንጽሕናና ስለ ርኵሰት በሕገ አይሁድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ኦሪት ዘሌዋውያንን ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚያነብ ሰው ምዕራፍ 11 ላይ ሲደርስ ንባቡ ይከብደዋል። ከዚያ እስከ ምዕራፍ 15 ያለው ቃል ስለሚበላና ስለማይበላ እንስሳ፥ ስለ በድን፥ ስለ ወላድ ሴት፥ ስለ ለምጽ፥ ከሥጋም ስለሚወጣ ፈሳሽ የሚናገር ስለ ሆነ፥ ብዙ አንባብያን ገጹን በፍጥነት ገልጠው ያልፉታል። ከሁሉም ይልቅ የሚያስቸግረው «ርኩስ» የሚለው ቃል ነው። በአማርኛ አነጋገራችን ርኩስ ማለት ክፉ፥ የተጠላ፥ ኃጢአተኛ ማለት ስለ ሆነ፥ ሕጉ የወለደችውን እናት ወይም የአባቱን ሬሳ ያነሣውን ልጅ ርኩስ ሲል የነቀፋቸውና የፈረደባቸው ይመስላል።

ከዚህም የተነሣ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይወለዳል። አንዳንዱ ሰው ሕጉን የጥንት ሰዎች የጤና ጥበቃ ደንብ ወይም ከንቱ ፍርሃት አድርጎ ይንቀዋል። ሌላው ደግሞ ቃሉን በአማርኛው ስሜት ይይዝና በታመመው፥ በወለደችው፥ በሐዘንተኛው ላይ እንደ ስድብ ይመልሰዋል። የመጀመሪያው መጽሐፉን ያቃልላል፤ ሁለተኛው ሰውን ያቈስላል። የሁለቱም መድኃኒት አንድ ነው፤ እርሱም ሕጉ በእውነት ምን እንደሚል ማወቅ ነው። ስለዚህ ሕጉ የተሰጣቸው አይሁድ ይህን ሥርዓት እንዴት እንደ ተረዱትና እንዴት እንደ ፈጸሙት በቅደም ተከተል እንመለከታለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ. የቃሉ ትርጉም

በዕብራይስጥ ንጹሕ የሆነው «ታሆር»፥ ርኩስ የሆነው «ታሜ» ይባላል። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 10 ቊጥር 10 ለካህናት የሰጠው ሥራ ሁለት ነገሮችን መለየት ነው፤ ቅዱሱን ቅዱስ ካልሆነው፥ ንጹሑንም ከርኩሱ። እንግዲህ ቅዱስና ንጹሕ አንድ አይደሉም። ቅዱስ ማለት ለእግዚአብሔር የተለየ ማለት ነው፤ በግዕዝም በዕብራይስጥም ቃሉ ከአንድ ሥር የወጣ ነው። ንጹሕ ማለት ግን ወደ ተለየው ነገር ለመቅረብ የተገባ ማለት ነው። ርኩስ ደግሞ ለጊዜው ወደ መቅደስ ለመግባት፥ ከመሥዋዕቱም ለመብላት ያልተገባ ማለት ነው። ይህ የሰውየው ጠባይ መግለጫ ሳይሆን ያለበት ሁኔታ መግለጫ ነው።

ርኵሰት በራሱ ኃጢአት አለመሆኑን ሕጉ ራሱ በግልጥ ያስረዳል። ሙታንን መቅበር ትእዛዝና የርኅራኄ ሥራ ነው፤ ዳሩ ግን የቀበረው ሰው 7 ቀን ርኩስ ይሆናል። ልጅ መውለድ ለአዳምና ለሔዋን የተሰጠ በረከት ነው፤ ነገር ግን ወላዲቱ ርኩስ ትሆናለች። ባልና ሚስት በሕጋዊ ጋብቻቸው ሲገናኙ እስከ ማታ ርኩሳን ይሆናሉ። ይልቁንም የሚያስደንቀው፥ የሚያነጻውን የቀዪቱን ጊደር አመድ የሚያዘጋጁት ሰዎች በዚሁ በታዘዙት ሥራ ምክንያት ራሳቸው እስከ ማታ ርኩሳን መሆናቸው ነው (ዘኍ. 19)። ትእዛዝን መፈጸም ኃጢአት ሊሆን ስለማይችል፥ ርኵሰትም ኃጢአት አይደለም። ኃጢአት የሚሆነው ሰው ርኩስ መሆኑን እያወቀ መቅደሱን ሲዳፈር ወይም የታዘዘለትን መንጻት ንቆ ሲተው ነው። ከመቅደስ ርቆ በቤቱ የሚኖር ገበሬ ግን ርኩስ ሆኖ ሳለ ያርሳል፥ ይነግዳል፥ ይጸልያልም።

በዚህ ላይ አንድ መደባለቅ አለ፤ እርሱንም መለየት ይገባል። ግመልና አህያ የማይበሉ ስለ ሆኑ ርኩሳን ተብለዋል። ነገር ግን በሕይወት ያለ ግመል የነካውን ሰው አያረክስም፤ እስራኤላዊ በአህያ ይቀመጣል፥ በግመልም ይጭናል። የሚያረክሰው በድኑ ነው። እንግዲህ የመብል ሕግና የመንካት ሕግ በአንድ ቃል ቢጠሩም ሁለት ልዩ ልዩ ሕጎች ናቸው።

2ኛ. የርኵሰት ምንጮችና ደረጃቸው

ኦሪት የጠቀሰቻቸው የርኵሰት ምንጮች በአጭሩ እነዚህ ናቸው፤ የሰው ሬሳ፥ የእንስሳ በድን፥ በምዕራፍ 11 የተቈጠሩት 8 ዓይነት በምድር ላይ የሚንቀሳቀሱ ፍጥረታት ሲሞቱ፥ ለምጽ፥ ከወንድ ወይም ከሴት ከተለመደው ውጭ የሚፈስስ ፈሳሽ፥ የወንድ ዘር፥ ልማደ አንስት፥ መውለድም ናቸው። ወንድ የወለደች ሴት 7 ቀንና 33 ቀን፥ በድምሩ 40 ቀን ትጠብቃለች፤ ሴት የወለደች 14 ቀንና 66 ቀን፥ በድምሩ 80 ቀን ትጠብቃለች።

የአይሁድ ሊቃውንት እነዚህን በደረጃ ለይተዋቸዋል። ከሁሉ የበረታው የሰው ሬሳ ስለ ሆነ «የአባቶች አባት» ይሉታል፤ ሌሎቹን ምንጮች «አባት» ይሏቸዋል። አባት የነካው አንደኛ ይሆናል፤ አንደኛው የነካው መብል ሁለተኛ ይሆናል። ተራ መብል ከሁለተኛው አያልፍም፤ ለካህናት የተለየው ቀዳምያት እስከ ሦስተኛው፥ የመሥዋዕት ሥጋ ግን እስከ አራተኛው ድረስ ይረክሳል። ይህም አንድ ነገር በቅድስና ከፍ ባለ መጠን ጥንቃቄው እንደሚበዛለት ያሳያል።

ዕቃም እንደ ሰው ይረክሳል። የእንጨት፥ የቆዳና የብረት ዕቃ በውኃ ይነጻል። የሸክላ ዕቃ ግን ከውስጡ ከረከሰ አይነጻም፤ ይሰበራል። የድንጋይ ዕቃ እንደ ሊቃውንቱ ትምህርት ከቶ ርኵሰትን አይቀበልም። በአምላካችን የቃና ተአምር የተነገሩት 6ቱ ጋኖች ድንጋይ የሆኑበትና ለአይሁድ የማንጻት ልማድ የተቀመጡበት ምክንያት ይህ ነው (ዮሐ. 2፥6)። በምድር ቊፋሮም ይኸው ተረጋግጧል። በኢየሩሳሌም ከዳግማዊው ቤተ መቅደስ ዘመን የቀሩ ብዙ የኖራ ድንጋይ ጽዋዎችና ጋኖች ተገኝተዋል፤ በ2017 ደግሞ በገሊላ ከቃና አቅራቢያ፥ ሬይና በተባለ ስፍራ፥ በሮማውያን ዘመን የድንጋይ ዕቃ ይፈለፈልበት የነበረ ዋሻ መገኘቱ ተገልጿል።

የለምጽ ሕግ በተለይ ሊታሰብ ይገባዋል፤ ብዙ በሽተኞች በስሙ ተሰድደዋልና። ሕጉ ለምጹ የሰውየውን ገላ ሁሉ ከራስ እስከ እግር ቢሸፍነው ንጹሕ ይለዋል (ዘሌ. 13፥12–13)። ነገሩ የተላላፊ በሽታ ጥበቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ በተገለበጠ ነበር። ደግሞም በቤት ግድግዳ ላይ ምልክት ሲታይ ካህኑ ገብቶ ከመመልከቱ በፊት ዕቃው ሁሉ እንዲወጣ ያዛል፤ ካህኑ ርኩስ ነው ብሎ እስኪናገር ድረስ ዕቃው አይረክስምና። ሚሽና የተባለው የሊቃውንቱ የሕግ መጽሐፍ ከዚህ አልፎ፥ በሙሽራ ላይ ምልክት ቢታይ የሰርጉ 7 ቀን እስኪፈጸም፥ በበዓል ጊዜም በዓሉ እስኪያልፍ ካህኑ ሳያየው እንዲቈይ ይፈቅዳል። የሰውን ደስታ እንዳያፈርስ የሚጠነቀቅ ሕግ፥ በሽተኛን ለመጥላት ምክንያት ሊሆን አይችልም።

3ኛ. ሕጉ ስለ ምን ተሰጠ?

ስለ ምክንያቱ የአይሁድ ሊቃውንት አንድ ቃል አልተናገሩም። በ1204 ያረፈው ታላቁ ሙሴ ወልደ ማይሞን «መምህረ ዕውራን» ሳይሆን የተጠራጠሩትን የሚመራ መጽሐፍ ጽፎ፥ በዚያ ውስጥ የሕጉ ዓላማ ሰው መቅደሱን እንዳያዘወትርና እንዳያቃልለው ነው ብሏል። ርኵሰት የሚመጣባቸው መንገዶች ብዙ ስለ ሆኑ ወደ መቅደስ የሚገባ ሰው ተዘጋጅቶ፥ ጠብቆ፥ ፈርቶ ይገባል፤ ሁልጊዜ የሚታይ ነገር ግን ክብሩ ይቀንሳል።

በዘመናችን ኦሪት ዘሌዋውያንን በሦስት ታላላቅ ጥራዞች የተረጐመው ረቢ ያዕቆብ ሚልግሮም (1923–2010) ደግሞ ምንጮቹን ሁሉ የሚያስተሳስር አንድ ነገር አለ፥ እርሱም ሞት ነው ብሎ አስተምሯል። ሬሳና በድን ሞት ራሱ ናቸው፤ ለምጽ የሕያውን ሥጋ እንደ በድን ሥጋ ያስመስላል፤ ደምና ዘር ሕይወት የሚገኝባቸው ስለ ሆኑ ከሰውነት ሲወጡ ሕይወት የቀነሰ ይመስላል። እግዚአብሔር ሕያው ስለ ሆነ የሞት ጥላ ያረፈበት ሰው ያ ጥላ እስኪገፈፍለት ድረስ ከመቅደሱ ይቈያል። በዚህ ትርጓሜ መንጻት ማለት ከሞት ወገን ወደ ሕይወት ወገን መመለስ ነው።

ርኵሰት ንቀት አለመሆኑን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስረዳ አንድ ክርክር በሚሽና ተጽፏል። ሰዱቃውያን ፈሪሳውያንን፥ ቅዱሳት መጻሕፍት እጅን ያረክሳሉ ትላላችሁ፥ የአረማውያን መጻሕፍት ግን አያረክሱም ትላላችሁ ብለው ነቀፏቸው። ረቢ ዮሐናን ቤን ዘካይም፥ የአህያ አጥንት ንጹሕ ሲሆን የሊቀ ካህናቱ የዮሐናን አጥንት የሚያረክስ መሆኑን አስታወሳቸው። እነርሱም፥ ሰው የወላጆቹን አጥንት ወስዶ ዕቃ እንዳይሠራበት፥ እንደ ፍቅራቸው መጠን ርኵሰታቸው በዝቷል ብለው መለሱ። እርሱም ለቅዱሳት መጻሕፍት ነገሩ እንዲሁ መሆኑን አስረዳቸው። ስለዚህ በዚህ ሕግ ጥብቅ የሆነው ርኵሰት በተናቀው ነገር ላይ ሳይሆን በተከበረው ላይ የተቀመጠ አጥር ነው። የሰው ሬሳ ከውሻ በድን ይልቅ የሚያረክሰው ሰው ከውሻ ስለሚበልጥ ነው።

4ኛ. የመንጻት ሥርዓት

መንጻት በሦስት ነገር ይፈጸማል፤ በውኃ፥ በጊዜ፥ በመሥዋዕትም። ቀላሉ ርኵሰት በውኃ መጥለቅና ፀሐይ እስክትገባ በመጠበቅ ያበቃል። ስለዚህ የሚሽና የመጀመሪያው አንቀጽ የማታ ጸሎት የሚጀመርበትን ሰዓት ሲወስን፥ ካህናት ነጽተው ቀዳምያታቸውን ለመብላት በሚገቡበት ሰዓት ይለካዋል። ለወላዲቱ፥ ለለምጻሙና ፈሳሽ ላለበት ግን መሥዋዕት ይጨመራል። የአምላክ እናት ቅድስት ድንግል ማርያም በ40 ቀን ወደ ቤተ መቅደስ የሄደችው ይህን ሥርዓት ለመፈጸም ነው፤ ያቀረቡትም ጠቦት መግዛት ለማይችሉ ድኾች የተፈቀደውን የወፍ መሥዋዕት ነው (ሉቃ. 2፥22–24)።

የሚጠልቁበት ውኃ መከማቻ «ሚቅዌ» ይባላል። ውኃው የምንጭ ወይም የዝናም መሆን አለበት፤ በዕቃ ተቀድቶ የተሞላ አይሆንም። ልኩ 40 ሴአ ነው፤ የኋላ ሊቃውንት በልኩ ስላልተስማሙ አንዳንዶቹ 330 ሊትር ያህል፥ ሌሎቹ ከ570 ሊትር በላይ ያደርጉታል። የሚጠልቀው ሰው አስቀድሞ ገላውን ታጥቦ ይነጻል፤ ከዚያ በኋላ ጠጕሩ ሳይቀር በአንድ ጊዜ በውኃው ይሸፈናል፤ በገላውና በውኃው መካከል ቀለበት እንኳ ቢሆን የሚከለክል ነገር ሊኖር አይገባም። እንግዲህ ሰውየው አስቀድሞ ታጥቦ የሚገባ ከሆነ ሚቅዌ እድፍ የሚወገድበት መታጠቢያ አለመሆኑ ግልጥ ነው።

የተቀዳ ውኃ ምን ያህል ቢገባበት ሚቅዌው ይበላሻል በሚለው ነገር ሁለቱ ታላላቅ መምህራን ሂሌልና ሻማይ አልተስማሙም ነበር። ኋላ ግን ከኢየሩሳሌም የጕድፍ በር አካባቢ ሁለት ሸማኔዎች መጥተው፥ ከቀደሙት አባቶች ከሸማያና ከአብጣልዮን የሰሙትን፥ 3 ሎግ ያበላሸዋል የሚለውን መሰከሩ። ሊቃውንቱም የሁለቱን መምህራን ቃል ትተው የሸማኔዎቹን ምስክርነት ተቀበሉ። በዚህ የንጽሕና ትምህርት የትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን የሕዝቡም ዕለታዊ ኑሮ እንደ ነበረ እናያለን። በኢየሩሳሌም፥ በገሊላ፥ በቁምራንም ደረጃ ያላቸው ብዙ የውኃ ጕድጓዶች ተቈፍረው ተገኝተዋል። ከ1963 እስከ 1965 በይጋኤል ያዲን መሪነት በተቈፈረችው በማሳዳ አምባ ላይ እንኳ፥ ዝናም በማይበዛበት በረሓ፥ ከሮማውያን ጋር የተዋጉት አይሁድ የሠሩት ሚቅዌ ተገኝቷል። ሞት በደጃቸው ቆሞ ሳለ ስለ ንጽሕና ያስቡ ነበር።

ሬሳ የነካ ሰው መንጻት ከሁሉ ይከብዳል። ነውር የሌለባትና ቀንበር ያልተጫነባት ቀይ ጊደር ከሰፈር ውጭ ትታረድና ከዝግባ፥ ከሂሶጵና ከቀይ ግምጃ ጋር ትቃጠላለች፤ አመዷ በምንጭ ውኃ ይበጠበጥና በ3ኛውና በ7ኛው ቀን በሰውየው ላይ ይረጫል። ሚሽና ከሙሴ ዘመን ጀምሮ እስከ ቤተ መቅደሱ መፍረስ የታረዱትን ጊደሮች ጥቂት አድርጎ ይቈጥራቸዋል፤ እንደ ረቢ ሜኢር 7፥ እንደ ሌሎቹ ሊቃውንት 9 ናቸው። የነጻውን የምታረክስ፥ የረከሰውንም የምታነጻ መሆንዋ ብዙዎችን አስጨንቋል። ረቢ ዮሐናን ቤን ዘካይ ለደቀ መዛሙርቱ፥ ሬሳው በራሱ ኀይል የሚያረክስ ውኃውም በራሱ ኀይል የሚያነጻ አለመሆኑን፥ ነገሩ የንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ብቻ መሆኑን እንዳስተማራቸው ይነገራል። ሙሴ ወልደ ማይሞንም የሚቅዌን ሕግ ጽፎ ሲጨርስ፥ ርኵሰት በውኃ የሚወገድ ጭቃ እንዳልሆነ፥ ነገሩ በልብ አሳብ ላይ የተመሠረተ እንደ ሆነ አመልክቶ፥ ሰው ነፍሱን ከክፉ አሳብ በዕውቀት ውኃ እንዲያጠምቅ ይመክራል።

5ኛ. የቅድስና ደረጃዎችና ከ70 ዓ.ም. በኋላ ያለው

ሚሽና 10 የቅድስና ደረጃዎችን ይቈጥራል። ምድረ እስራኤል ከአገሮች ሁሉ ትቀደሳለች፤ ቅጥር ያላቸው ከተሞች ከእርስዋ ይበልጣሉ፥ ለምጻም አይገባባቸውምና፤ ከዚያ ኢየሩሳሌም፥ ከዚያ የመቅደሱ ተራራ፥ ከዚያ የሴቶች አደባባይ፥ የእስራኤል አደባባይ፥ የካህናት አደባባይ፥ ቤተ መቅደሱ፥ በመጨረሻም ሊቀ ካህናቱ በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚገባባት ቅድስተ ቅዱሳን። በዚያች ቀን ሊቀ ካህናቱ 5 ጊዜ በውኃ ይጠልቃል፤ እጁንና እግሩንም 10 ጊዜ ይታጠባል። ቅኔ ማሕሌቱን፥ ቅድስቱንና መቅደሱን ለይቶ የሚያውቅ የእኛ አገር ምእመን ይህን አሠራር ለማስተዋል አይቸገርም።

በ70 ዓ.ም. ሮማውያን ቤተ መቅደሱን ካፈረሱ በኋላ የዚህ ሕግ አብዛኛው ክፍል የሚፈጸምበትን ስፍራ አጣ። ሊቃውንቱ ግን ትምህርቱን አልተዉትም። በ200 ዓ.ም. አካባቢ ረቢ ይሁዳ ሐናሲ ያዘጋጀው ሚሽና ከ6ቱ ክፍሎቹ አንዱን በሙሉ፥ 12 መጻሕፍት የያዘውን፥ ለንጽሕና ሰጥቶታል። ቤተ መቅደስ ሳይኖር የመቅደስን ንጽሕና እየተማሩ መኖር የተስፋ ምልክት ነው።

ዛሬም ሕግ ጠባቂ በሆኑት አይሁድ ዘንድ ጥቂት ሥርዓቶች ጸንተው ይኖራሉ። ያገባች ሴት ልማዷ ካቆመ በኋላ 7 ንጹሓን ቀኖች ቈጥራ በሚቅዌ ትጠልቃለች፤ እስከዚያም ከባልዋ ጋር አትገናኝም። ወደ አይሁድ ሃይማኖት የሚገባ ሰው ይጠልቃል። ከአሮን ወገን የሆኑት ወደ መቃብር አይቀርቡም፤ ከቅርብ ዘመዶቻቸው በቀር ሬሳ አይነኩም። እንጀራ ከመብላት በፊት እጅ በዕቃ ውኃ ይታጠባል። የጊደሩ አመድ ስለሌለ ሁሉም በሬሳ እንደ ረከሰ ይቈጠራል፤ ስለዚህ የእስራኤል ሊቃነ ረበናት ከ1967 ጀምሮ፥ የሚፈቅዱ ሌሎች ረበናት ቢኖሩም፥ አይሁድ ወደ መቅደሱ ተራራ እንዳይወጡ አስጠንቅቀዋል።

6ኛ. ውኃ የማያነጻው ርኵሰት

እስከ አሁን የተናገርነው ሳይበድሉ የሚመጣውን ርኵሰት ነው። ነገር ግን ኦሪት በዚሁ ቃል ሌላ ነገርም ትጠራለች። ሦስት ታላላቅ ኃጢአቶች፥ ማለት አምልኮ ጣዖት፥ ዝሙትና ነፍስ መግደል፥ ሰውንም ምድሪቱንም ያረክሳሉ (ዘሌ. 18፤ 20፤ ዘኍ. 35)። በዚህ ርኵሰትና በፊተኛው መካከል ያለው ልዩነት ታላቅ ነው። ወላድ ሴትን የነካ ሰው ይረክሳል፤ ነፍሰ ገዳይን የነካ ግን አይረክስም። ሬሳ ያነሣ ሰው በ7 ቀን ይነጻል፤ ለነፍሰ ገዳይ ግን የታዘዘ ሚቅዌ የለም፥ የሚረጭበትም አመድ የለም። ንጹሕ ደም የፈሰሰባት ምድር ሕዝቧን እስከ መትፋት ትደርሳለች እንጂ በውኃ አትነጻም።

ነቢያት ሕዝቡን በርኵሰት ሲወቅሱ የተናገሩት በዚህ በሁለተኛው ነው። ኢሳይያስ እጃቸው ደም የሞላበትን ታጠቡ ሲላቸው የገንዳ ውኃ አላሳያቸውም፤ ፍርድን እንዲፈልጉ፥ ለድኻ አደግና ለመበለት እንዲሟገቱ አዘዛቸው እንጂ። የሚሽና መምህር ረቢ አቂባም ስለ ስርየት ቀን ሲያስተምር፥ ነቢዩ ኤርምያስ ስለ እግዚአብሔር የተናገረውን ቃል ያነሣል፤ በዕብራይስጥ «ሚቅዌ» የሚለው ቃል የውኃ መከማቻም ተስፋም ማለት ስለ ሆነ፥ ለእስራኤል እውነተኛው መንጺያቸው እግዚአብሔር ራሱ ነው ብሎ ተረጐመው።

7ኛ. በወንጌል የሚገኘው

ይህን ያወቀ ሰው ወንጌልን ሲያነብ ብዙ ነገር ይገለጥለታል። ጌታችን ለምጻሙን ከፈወሰ በኋላ ወደ ካህን ሄዶ ሙሴ ያዘዘውን መሥዋዕት እንዲያቀርብ ላከው፤ ሕጉን አልናቀም። ነገር ግን ከመፈወሱ በፊት ዳሰሰው። 12 ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት የልብሱን ጫፍ ነካች፤ የ12 ዓመቷን የኢያኢሮስን ልጅ እጅዋን ያዘ፤ በናይን የመበለቲቱን ልጅ ቃሬዛ ነካ። ለምጽ፥ የደም ፈሳሽና ሬሳ ሦስቱ ብርቱ የርኵሰት ምንጮች ናቸው። በሕጉ ርኵሰት ከረከሰው ወደ ነጻው ይተላለፋል፤ በእርሱ ግን ንጽሕናና ሕይወት ከነጻው ወደ ረከሰው ተላለፉ። ሞት የሕጉ ሁሉ ምንጭ እንደ ሆነ ያየ ሰው፥ ሞትን የሚሽር እርሱ የሕጉ ፍጻሜ መሆኑን ያያል።

ፈሪሳውያንን በኖራ በተለሰኑ መቃብሮች መመሰሉም ከሥርዓቱ የተወሰደ ነው። ሚሽና እንደሚናገረው በአዳር ወር በ15ኛው ቀን፥ ከፋሲካ አንድ ወር በፊት፥ ተሳላሚው ሳያውቅ ነክቶ እንዳይረክስ መቃብሮች ምልክት ይደረግባቸው ነበር። ኖራው ንጹሕ ለመምሰል ሳይሆን ለማስጠንቀቅ የሚቀባ ነበር። እንዲሁም በሮማዊው ገዢ ግቢ እንዳይረክሱ ተጠንቅቀው በውጭ የቆሙት የካህናት አለቆች (ዮሐ. 18፥28) በዚያው ሰዓት ንጹሕ ደም እንዲፈስስ ይጠይቁ ነበር። አንደኛውን ርኵሰት ሸሹ፤ ውኃ የማያነጻውን ሁለተኛውን ግን አልፈሩም። ስለ ሳምራዊው በተነገረው ምሳሌ ካህኑ በመንገድ ላይ የወደቀውን አልፎት ሲሄድ፥ ስለ ንጽሕናው ሠግቶ ነው የሚል ተርጓሚ አለ። ነገር ግን ሚሽና ቀባሪ የሌለው ሬሳ በመንገድ ቢገኝ ሊቀ ካህናቱ እንኳ ረክሶ እንዲቀብረው ያዛል። እንግዲህ ያ ካህን በሕጉ እንኳ ምክንያት አያገኝም።

8ኛ. በአገራችን

ይህ ትምህርት ለእኛ ሩቅ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፥ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። መጽሐፈ ኩፋሌ የዚህን ምክንያት ከፍጥረት መጀመሪያ ያመጣዋል፤ አዳም በ40 ቀን፥ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት እንደ ገቡ ይናገራልና። በዚህ አተረጓጐም ቀኖቹ የሴት ልጅ ማነስ መለኪያ ሳይሆኑ ወደ ገነት የመግቢያ ቀኖች ናቸው፤ እናትም ልጇን ይዛ ስትመጣ ወደ ገነት ደጅ እንደምትመጣ ትቈጠራለች። ዐፄ ገላውዴዎስም በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ፥ ኦሪትን የሚመስሉ ልማዶቻችን እንደ አይሁድ በሕግ ግዴታ የሚጠበቁ እንዳልሆኑ ገልጠዋል።

በአገራችን የኖሩት ቤተ እስራኤልም ሚሽናንና ታልሙድን ሳያውቁ ከኦሪት ብቻ ተምረው ይህን ሥርዓት እጅግ አጥብቀው ይዘውት ነበር። በወንዝ አጠገብ ይሰፍሩ ነበር፤ ሴቶቻቸው በልማዳቸው ጊዜ በመርገም ጎጆ፥ ሲወልዱም በአራስ ጎጆ ተለይተው ይቈዩ ነበር፤ ከሌላ ሕዝብ ጋር ውሎ የመጣ ሰው በወንዝ ሳይጠልቅ ወደ መንደሩ አይገባም ነበር። በ1973 ሊቀ ረበናት ዖባድያ ዮሴፍ አይሁድ መሆናቸውን ወሰነ። ዳሩ ግን በ1984 እና በ1985 ብዙዎቹ ወደ እስራኤል በገቡ ጊዜ፥ የአይሁድነታቸው ጥርጥር እንዲወገድ በሚቅዌ እንዲጠልቁ ተጠየቁ። በ1985 በኢየሩሳሌም ብርቱ ተቃውሞ አሰሙ። ስለ ንጽሕና ሲሉ ለብዙ ዘመን ወደ ወንዝ ሲወርዱ የኖሩትን ሕዝብ ያሳዘናቸው ውኃው ሳይሆን በውኃው የተገለጠው ጥርጣሬ ነበር። ለማክበር የተሰጠ ሥርዓት ሰውን ለመለካት ሲውል እንዴት እንደሚያቈስል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

9ኛ. የምንማረው

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ በመጽሐፍ «ርኩስ» የሚለውን ቃል ስናገኝ ስለ የትኛው ርኵሰት እንደሚናገር አስቀድመን መጠየቅ አለብን። ሳይበድሉ የሚመጣውን ከኃጢአት ጋር የሚያቀላቅል መምህር ሕጉን ራሱን ያፈርሳል። ሁለተኛ፥ ወደ ቅዱሱ ስፍራ ከመግባት መቈየት የአክብሮት ሥራ ነው እንጂ የውርደት ምልክት አይደለም፤ ስለዚህ በደጀ ሰላም ቆማ የምትጸልየውን ሴት፥ በሕልመ ሌሊት ምክንያት ከቊርባን የቈየውን ሰው የሚያቃልል ቢኖር፥ አጥሩን አክብሮ ባለቤቱን የናቀ ነው። ይልቁንም በሥጋ ደዌ፥ በኤች አይ ቪ፥ በሌላም በሽታ የተያዘውን የኦሪትን ቃል ጠቅሶ የሚያርቅ ሰው፥ ካህኑ ከሰፈር ውጭ ወጥቶ በሽተኛውን እንዲጐበኝ የምታዝዘውን ያችኑ ኦሪት አላነበበም (ዘሌ. 14፥3)። ሦስተኛ፥ ውኃ የማያነጻው ርኵሰት፥ ማለት ደም፥ ግፍና ዝሙት፥ በንስሓና በሥርየት ካልሆነ አይወገድም። ሰውነቱን ጠብቆ እጁን በድኻ ላይ የሚያነሣ ሰው አነስተኛውን ጠብቆ ታላቁን ጥሏል።

ስለዚህ ካህናት ሆይ፥ ወላዲቱ በ40 ወይም በ80 ቀኗ ሕፃኗን ታቅፋ ስትመጣ፥ ከሞት ጥላ ወደ ሕይወት እንደ ተመለሰች አድርጋችሁ በደስታ ተቀበሏት። ሬሳ አጥቦ፥ ቀብሮ፥ ደክሞ የመጣውን ሐዘንተኛም አጽናኑት፤ ሊቀ ካህናቱ እንኳ ንጽሕናውን ትቶ እንዲሠራው የታዘዘውን ሥራ ሠርቷልና። ምእመናንም ሆይ፥ ወደ መቅደስ ስትቀርቡ በፍርሃት ቅረቡ፤ ከመቅደስ ስትመለሱም ከሰው አትራቁ።

እርሱ ባወቀ አንጽቶና ቀድሶ ለመንግሥቱ ያብቃን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።